የእናቱን ፊት የሚያመጣለት ስልክ ከእናቱ ሲያርቀው ምን ይደረጋል?

የኮምቦልቻው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በኮምቦልቻ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ታናሽ እህቴ ልጇን የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ሕፃን ሳለ ለእናታችን ትታ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደች። ልጁ ዛሬ ሰባት ዓመት አልፎት አንደኛ ክፍል ገብቷል። በእኛ አካባቢ ይህ ብርቅ ታሪክ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል ከቤቱ ማንም ዓረብ አገር ያልሄደበትን መቁጠር ይቀላል።

እናትና ልጅን ሲያገናኝ የኖረው ኢሞ ነው። እህቴ ለአሠሪዎቿ እራት አቅርባ ዕቃውን አጥባ ስትጨርስ፣ ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ትደውላለች። ልጁ ከእንቅልፉ ጋር እየታገለ ይጠብቃት ነበር። የወለቀ ጥርሱን ያሳያታል፤ የአያቱን ዶሮ አቅፎ ወደ ስልኩ ያስጠጋላታል፤ እሷም ትስቃለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ታለቅሳለች። ከሁለት ዓመት በፊት ግን «ለትምህርቱ ይሁነው» ብላ ወደ አገር ከምትመለስ ጓደኛዋ ጋር አዲስ ስልክ ላከችለት፤ ዋይፋይ የምናስገባበትንም ገንዘብ ጨመረችበት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ልጁ አጫጭር ቪዲዮ ሲያይ ያመሻል፤ የእናቱ ጥሪ ሲመጣ ቪዲዮው ስለሚቋረጥበት ፊቱን ያጠቁራል። ባለፈው ሳምንት አጠገቡ ተቀምጬ ስመለከተው፣ ጥሪውን አነሣና የእናቱን ፊት አሳንሶ ወደ ስክሪኑ ጥግ ካደረገው በኋላ ቪዲዮውን ማየቱን ቀጠለ። እሷ በዚያ ማዶ ሆና «የኔ ጌታ፣ ዛሬ ምን በላህ?» እያለች ትጠይቀዋለች፤ እሱ «እሺ» ብሎ ይመልስላታል።

እናቴ «ስልኩን አምጣውና ሣጥን ውስጥ ልቆልፍበት» ትላለች። እኔን ግን እጄ እምቢ አለኝ። ለዚህ ልጅ እናቱ በስልክ የምትታይ ሴት ናት፤ በአካል ያቀፈችውን ጊዜ አያስታውሰውም። ስልኩን ብነጥቀው እናቱን የነጠቅሁት ይመስለኛል፤ ብተውለት ደግሞ ያው ስልክ እናቱን ዓይኔ እያየ እየነጠቀው ነው።

በክፍል ውስጥ የማየውንም ልጨምር። ልጁ ከቪዲዮ የለቀማቸውን የእንግሊዝኛና የዓረብኛ ቃላት ሲያወርድ ይደንቃል፤ ነገር ግን ትናንት ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ምን እንደገጠመው በቅደም ተከተል ንገረኝ ስለው መሐል ላይ ይቆምበታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እህቴ በመደበኛው መስመር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትደውል ነበር፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚለውን ቀኑን ሙሉ አዘጋጅቶ ይጠብቃት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያንን ወራት አሁን እናፍቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


ከጦሳ ሥር፦

መምህር፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ደሴ ውስጥ ሥነ ልቡና አስተምራለሁ፤ እኔም የሁለት ልጆች አባት ስለሆንሁ ነገሩ ከቤቴ የራቀ አይደለም።

በአንድ ስልክ ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች እንዳሉ በመለየት ብንጀምር መልካም ይመስለኛል። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው የዘጠኝ ወር ሕፃናትን በ12 ክፍለ ጊዜ የቻይንኛ ቋንቋ እንዲሰሙ አደረጉ። ከፊሎቹ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው ሰሙ፤ ሌሎቹ ያንኑ ንግግር ከተቀረጸ ቪዲዮ ወይም ከድምፅ ብቻ ሰሙ። ከሰው የሰሙት ሕፃናት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ከቪዲዮ የሰሙት ግን ምንም እንዳልሰሙት ሕፃናት ሆነው ተገኙ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳራ ሮዝቤሪና ባልደረቦቻቸው ሁለት ዓመት የሞላቸውን ልጆች አዲስ ግስ ሲያስተምሩ ሦስተኛ መንገድ ጨመሩበት፤ እሱም የቪዲዮ ጥሪ ነበር። ልጆቹ በአካል ካለ ሰው እንደተማሩት ሁሉ በቪዲዮ ጥሪ ካገኙት ሰውም ተማሩ፤ ከተቀረጸው ቪዲዮ ግን አልተማሩም። በጥሪውና በተቀረጸው ቪዲዮ መካከል ያለው ልዩነት የስክሪኑ አይደለም። በጥሪው ውስጥ ያለው ሰው ልጁ ሲናገር ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ሲስቅ አብሮት ይስቃል፣ ሲያዝን «ምን ሆንህ?» ይለዋል። የተቀረጸው ግን ልጁ ቢኖርም ባይኖርም የራሱን ይቀጥላል።

እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በሕፃናት ላይ ስለሆነ ለሰባት ዓመት ልጅ እንዳለ ሊወሰዱ አይገባም። ሆኖም ዛሬ የሕፃናት ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ያንኑ ልዩነት ይከተላል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ያሉ ሕፃናት ከስክሪን እንዲርቁ ሲመክር የቪዲዮ ጥሪን ለብቻው አውጥቶ ፈቅዷል። እንግዲህ እህትዎ በእነዚያ ዓመታት ከዚያ ማዶ ሆና ያደረገችው ነገር እውነተኛ እናትነት ነበር፤ ይህንን ለእሷም ቢነግሯት ደስ ይለኛል።

አጫጭር ቪዲዮዎቹን በተመለከተ አሠራራቸውን ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል፤ መተግበሪያው ልጁ በየትኛው ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየ እየቆጠረ የሚያቆየውን ዓይነት ያቀርብለታል። ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አካውንት አይፈቅድም። ስለዚህ ልጁ እናቱን ጥግ ላይ ማድረጉን ከልቡ እንደወጣች አድርገው አይዩት። እሷ አንዲት የደከመች ሴት ናት፤ በሌላው ወገን ያለው ዓይንን ይዞ ለማቆየት ብቻ የተሠራ መሣሪያ ነው። ውድድሩ ገና ከመጀመሪያው ለእሷ አልተመዘነላትም።

እኔ ቤቴ ያደረግሁት ቀላል ነው። አንድ አሮጌ ስልክ ላይ ከኢሞ በቀር ሁሉንም አጥፍቼ «የአያታችሁ ስልክ» ብዬ ሰየምሁት፤ ቪዲዮ የሚታየው በሌላ ስልክ፣ ሳሎን ውስጥ፣ እኛ ባለንበትና በተወሰነ ሰዓት ነው። እርስዎም ሁለቱን ቢለያዩለት ልጁ ቪዲዮውን ቢቀማ እናቱ አትቀማበትም።


የባቲዋ እናት፦

ወንድሜ፣ አላህ ልጁን ያሳድግላችሁ። እኔ ስምንት ዓመት ጅዳ ሠርቼ የተመለስሁ እናት ነኝ፤ ጥያቄህን ሳነብ ጥጉ ላይ የተቀመጠችው ሴት እኔ ሆኜ ተሰማኝ።

እህትህ ከዚያ በኩል ምን እንደምታይ ልንገርህ። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ ስልኬን ይዛብኝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ትሰጠኝ ነበር። ሁለተኛው ቤት ስልኩ በእጄ ቢሆንም ስደውል ብዙ ጊዜ የልጄን ግንባር ወይም የቤታችንን ጣሪያ ነበር የማየው። «ምን በላህ? ተማርህ? አያትህን ታዘዝሃት?» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወሬ ያልቅብኛል። ልጁን ስለጠላሁት አልነበረም። ከውሎው አንድም የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ፣ የማላውቀውን ደግሞ መጠየቅ ስለማልችል ነበር። አንድ ቀን እናቴ ጠዋት ላይ በድምፅ መልእክት «የጎረቤታችን ፍየል መንታ ወለደች፤ ልጅሽ አንደኛዋን የኔ ናት ብሎ ስም አወጣላት» ብላ ላከችልኝ። ማታ ስደውል «ፍየልህ እንዴት ዋለች?» አልሁት። ያን ዕለት ልጄ ሳያቋርጥ አወራኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በየጠዋቱ የልጁን ውሎ በአንድ ደቂቃ ትነግረኝ ነበር። አንተም መምህር ነህና ይህ አያቅትህም፤ በክፍል ውስጥ ያደረገውን አንዲት ነገር ለእናቱ ላክላት፤ የቀረውን እሷ ታውቅበታለች።

ሌላም ነገር አለ። በስልክ ስናወራ የምናየው የልጁን ፊት ነው፤ ካሜራው ግን ከላይ ስለሆነ ልጁ የሚያየው ዓይኗን ወደ ታች የሰበረች እናት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ልጄ «ለምን አታይኝም?» ብሎ ከጠየቀኝ በኋላ ነው። የከበደ ነገር ልነግረው ስፈልግ ቀና ብዬ ካሜራውን አይ ነበር።

ስለላከችው ስልክ ደግሞ አደራህን አትውቀሳት። እኛ ዕቃ የምንልከው ከእኛ ሌላ የምንልከው ስለሌለን ነው። «የላክሽው ስልክ ልጁን አበላሸው» ብትላት ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ጠዋት ሥራዋን ትጀምራለች።

ስመለስ የሆነውን ብነግርህ ምናልባት ይጠቅምሃል። ቤት የገባሁ ቀን ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንደ እንግዳ እጄን ስሞኝ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ማታ ሲተኛ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣና «ደውይልኝ» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ከዚያ ወደ ሌላው ክፍል ገባሁና ደወልሁለት። በግድግዳው ማዶ ድምፁ እየተሰማኝ፣ በስልኩም ፊቱን እያየሁ፣ እንደ ድሮው አወራን። ለሦስት ሳምንት ያህል እንዲሁ እያደረግን ሰነበትን። እኔም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረብሁ ከበሩ አጠገብ፣ ከዚያ ከአልጋው ግርጌ ሆኜ መደወል ጀመርሁ። አንድ ቀን ስልኩን ራሱ ዘጋው። ስለዚህ ያ ስልክ ልጄን እስከ መምጣቴ ድረስ ጠብቆልኛልና ክፉ ነው ብዬ ለመናገር አልችልም።


የወልድያው፦

መምህር፣ ስለ ኢንተርኔት መቋረጥ የጻፉት ነገር ቅር አሰኝቶኛል፤ በቅንነት እንደጻፉት ግን አውቃለሁ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ምክንያት ከስልክም ከመብራትም ተቆርጣ ነበር። ወንድሜ ዱባይ ሆኖ በሕይወት እንዳለን እንኳን ሳያውቅ ወራት አሳለፈ። በኋላ ድምፃችንን ሲሰማ መናገር አቅቶት ስልኩን ዘጋው። የልጁ ጉጉት የመጣው ከመስመሩ መቋረጥ እንደሆነ አድርጎ ማየት አደገኛ ነው፤ ናፍቆትን ለመቀስቀስ ሰውን ማስራብ አይገባም። ያን ጊዜ ልጁን ያተጋው የእናቱ ጥሪ ከሌላ ነገር ጋር የማይሻማ መሆኑ ይመስለኛል፤ ከጦሳ ሥር የጻፉት ወንድም ያሉትም ይህንኑ ነው።


የኮምቦልቻው መምህር፦

የወልድያው ወንድሜ፣ ልክ ነዎት፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. ኮምቦልቻም ያንን አይታለች፤ እህቴም እንደ ወንድምዎ ሆና ነበር። ልጁ ያን ጊዜ ትንሽ ስለነበረ እሱ አያስታውሰውም፤ እኔ ግን መርሳት አልነበረብኝም።


ከሐይቅ ዳር ሽማግሌ፦

ልጄ መምህር፣ ሰላምታዬ ይድረስህ። ይህን የምጽፍልህ እኔ እየተናገርሁ የልጅ ልጄ እየጻፈችልኝ ነው። ቀደም ብለው የጻፉት ሰዎች ስለ ስልኩ በቂ ብለዋል። እኔ ስለ ትምህርቱና ስለ ቡናው ልበል።

ልጁ ቃላት ያውቃል፣ ታሪክ ግን በቅደም ተከተል መናገር ይቆምበታል ብለሃል። አገራችን ወሎ የትምህርት አገር ናት። እኛ ዘንድ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተምረዋል፤ በወዲያኛው ወገን ደግሞ የእስልምና ትምህርት ተማሪው ደረሳ ስንቁን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተጓዘ ሲቀራ ኖሯል። ሁለቱን በልጅነቴ አይቻለሁ፤ የሚመሳሰሉበት አንድ ነገር ነበር። ደረሳው ኪታቡን ከፍቶ በሸኹ ፊት ያነባል፣ ሸኹ ያዳምጣል፣ ሲስት ያቆመዋል። የቆሎ ተማሪውም ዜማውን በየኔታ ፊት ያዜማል፣ የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ሲያደርጉ እንደሳተ ያውቃል። መምህሩ የሚናገርበት ጊዜ አጭር ነው፤ ረጅሙ ጊዜ የሚያዳምጥበት ነው። ዛሬ የሸኾችም የሊቃውንትም ትምህርት በቴሌግራም ተቀድቶ ይገኛል፤ እኔም እሰማለሁ፣ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን እኔ መማርን ቀደም ብዬ ከሰው ፊት ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። ይህ ልጅ ብዙ የሚነግረው አግኝቷል፤ የሚያዳምጠው ግን ያጣ ይመስለኛል። ታሪኩ መሐል ላይ ሲቆምበት ዝም ብለህ ጠብቀው፤ አትሙላለት። ጨርሶ ቢቆም «ከዚያስ?» በለው።

እዚህ ላይ እኛንም ትልልቆቹን ልውቀስ። በመንደራችን ቅሬ፣ ማለትም ዕድር፣ ሰው ሲሞት መልእክቱ በስልክ በቅጽበት ይደርሳል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ድሮ ጡሩምባ ነፊ ከመንደር መንደር ይሄድ ነበርና። ሆኖም አንዳንዱ በስልኩ የኀዘን ቃል ጽፎ ከቤቱ ሳይወጣ ይቀራል፤ ድንኳኑን የሚተክል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ከኀዘንተኛው ጋር የሚያድር ሰው እያነሰ ነው። በቡናውም ላይ እንዲሁ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ሲያይ ልጁ ከማን ይማር?

ስለዚህ አንድ ነገር ላመልክትህ። ሳዑዲና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ በእናንተ ቤት ቡና የሚፈላበት ሰዓት እህትህ ባለችበትም ያው ሰዓት ነው። ሥራዋ በሚፈቅድላት ቀን፣ ሌሊት ደክሟት ከምትደውል፣ በቡናው ሰዓት ትደውል። ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አቁሙላት፤ ለእሷም አንድ ስኒ አስቀምጡላት። ልጁ ቄጠማውን ይጎዝጉዝ፣ ስኒውን ያዳርስ፣ ማን እንደመጣ ለእናቱ ይንገራት። ጥያቄና መልስ ብቻ ሲሆን ልጅ ይሰለቻል፤ እሷ ከጎረቤቶቿ ጋር ስታወራ፣ ስትስቅ፣ ስትመርቅ ሲያያት ግን እናቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ያውቃል። እስከ በረካው ካልቆየችም ቶናውን ትስማ።


የባቲዋ እናት፦

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ከዙህር ሶላት በኋላ እስከ ዐስር ሶላት ባለው ጊዜ ብዙ ቤቶች ያርፋሉ፤ እኔም አሠሪዎቼ ሲተኙ ጥቂት ጊዜ አገኝ ነበር። የእህቱ ቤት ልማድ እንዴት እንደሆነ ከእሷ ቢጠይቅ ሰዓቱን መምረጥ ይቻላል።


የኮምቦልቻው መምህር፦

ከጻፍሁላችሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። አሮጌ ስልክ አግኝቼ ኢሞ ብቻ ጫንሁበት፤ ልጁ «የእማ ስልክ» ይለዋል። እህቴ ሐሙስና እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ እንዳላት ነገረችኝና ቡናውን ወደዚያ ሰዓት አመጣነው።

የመጀመሪያው እሑድ ጥሩ አልነበረም። ሁለት ጎረቤቶች በስልክ መታየቱን አልወደዱትምና ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀመጡ፤ ልጁም አፍሮ ከአያቱ ጀርባ ተሸሸገ። እህቴ ግን በእናታችን ቤት የተነጠፈውን ቄጠማ ባየች ጊዜ ረጅም ሰዓት ዝም አለች። በሁለተኛው ሐሙስ ልጁ ስኒ ማዳረስ ጀመረ። ባለፈው እሑድ ደግሞ እናቴ ጀበናውን ስታወርድ ልጁ ተነሥቶ ስልኩን ወደ ከሰሉ አዞረውና «እማ እንፋሎቱን አላየችም» አለ። ማታ ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ ስጠይቀውም «ከዚያስ?» እያልሁ ጠበቅሁት፤ ከቤት እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ በደንብ ወሰደኝ፤ ከድልድዩ ወዲያ ገና ነው።

አሁንም የሚቸግረኝ ማታ ነው። የቪዲዮው ስልክ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲዘጋ ያለቅሳል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ለቅሶው አልቀነሰም፤ እናቴም አንጀቷ እየራራ ሁለት ቀን ሰጥታዋለች። ከጦሳ ሥር የጻፉት ወንድሜ፣ የእርስዎ ልጆች ስንት ጊዜ ወሰደባቸው? ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ነው ያሳጠሩት ወይስ ቀስ በቀስ?